የሰርግ ኦርጋን ልጆች

ሰሞኑን ከጆሮዬ ያልወረደ አንድ ኢፒ፣ አጭር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አልበም፣ አለ። አራት ትራክ ነው። ርዕስ የለውም። ትራኮቹም ስም የላቸውም፤ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸዋል። ሽፋኑ ጥቁር ካሬ ነው። የሠራችው ልጅ ስሟን አልጻፈችበትም፣ እኔም እዚህ አልጽፈውም። ቀን ቀን ቢሮ ትሠራለች፤ አለቆቿ ማታ ማታ ምን እንደምታደርግ ባያውቁ ደስ ይላታል። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስም መደበቅ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ አዲስ ነገርም አይደለም። የዲትሮይቶቹ የቴክኖ ቡድን አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፊታቸውን ሸፍነው ነው መድረክ ላይ የሚታዩት።

ሙዚቃው ኤሌክትሮኒክ ነው። የሚያስጨፍር ነው። ግን ቅዳሜ ማታ ክለብ ገብታችሁ የምትሰሙት ዓይነት አይደለም። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ዘፋኝ የለበትም፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ተበላሽቷል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ፈልጎ የሚሰማ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ሃይገር ባስ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ታዲያ ለምን ይሄን ሁሉ ትጽፋለህ ብትሉኝ፣ አንድ ነገር ስላስደሰተኝ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክራር የለበትም።

ክራር ጠልቼ አይደለም። ክራር የሚጠላ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የሰለቸኝ አሠራሩ ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። አንድ ዝግጁ የሀውስ (ከቺካጎ የመጣው የዳንስ ሙዚቃ) ቢት ይወሰዳል። ላዩ ላይ የመሲንቆ ወይም የክራር ድምፅ አራት ሰከንድ ያህል ተቆርጦ ይለጠፋል። ማሚቶ ይጨመርበታል። ከተቻለ የአንድ ሽማግሌ ምርቃት ይገባል። ሽፋኑ ላይ ጀበና፣ አንበሳ ወይም ላሊበላ ይቀመጣል። ከዚያ «ጥንቱና ዛሬው ተገናኙ» ተብሎ ይጻፍለታል። መሲንቆውን አጥፍታችሁ ቢቱን ብቻውን ብትሰሙት ግን በርሊን ይሠራ ሊዝበን መለየት አትችሉም። መሲንቆው የሚያገለግለው እንደ ፓስፖርት ነው፤ በር ላይ ይታያል፣ ከዚያ ኪስ ይገባል።

የዚህች ልጅ ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ላዩ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ምንም ምልክት የለም። ውስጡ ግን ከአዲስ አበባ ውጪ የትም ሊሠራ አይችልም። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ቁጥር ውስጥ መግባት አለብኝ፣ ታገሡኝ።

ትራክ 1 ሲጀምር ኪክ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ ብቻ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ማንም የሚያውቀው የሀውስ ኪክ፣ በአንድ ባር (በአንድ የምት ዙር) አራት ምት። ረዘም ላለ ጊዜ ሌላ ምንም አይመጣም። ከዚያ ከሥሩ አንድ ደረቅ የቆርቆሮ ምት ቀስ ብሎ ይገባል። መጀመሪያ የተሳሳተ ነው ትላላችሁ። አንዴ ኪኩን ቀድሞ ይመጣል፣ አንዴ ዘግይቶ ይወድቃል። ጥቂት ሲቆይ ግን ከጭንቅላታችሁ በፊት ትከሻችሁ ይገባዋል። ጭክጭካ ነው።

የተለመደው የዳንስ ሙዚቃ አንዱን ባር 16 ቦታ ይከፍለዋል። ኪኩ በየአራቱ ይመታል፣ ስለዚህ አራት ኪክ ይሆናል። ጭክጭካ ደግሞ የሚቆጠረው በስድስት ነው። ሁለት ዙር ሲሆን 12። ልጅቷ ያደረገችው ባሩን በ16 ፈንታ 12 ቦታ መክፈል ነው። ኪኩን በየሦስቱ ስታስቀምጠው አሁንም አራት ኪክ ይሆናል፤ እግር የሚሰማው ያው ሀውስ ነው። ቆርቆሮውን ደግሞ በየሁለቱ ስትመታው ስድስት ይሆናል። አራቱና ስድስቱ የሚገናኙት ባሩ መጀመሪያና ወገቡ ላይ ብቻ ነው። በተረፈ እየተሳሳቱ ይሄዳሉ። ወደ መጨረሻው ሌላ ድምፅ ታመጣና በየአራቱ ትመታዋለች፤ እሱ ሦስት ይሆናል። አሁን አራት፣ ስድስትና ሦስት አንድ ላይ ይዞራሉ። እግር በአንዱ፣ ትከሻ በሌላው፣ አንገት በሦስተኛው መሄድ ይችላል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ይሄን ሁሉ ሳይቆጥር ያደርገዋል።

ብልህነቱ እዚህ ጋ ነው። 12ትም 16ትም ለአራት ይካፈላሉ። ስለዚህ አንድ ዲጄ ይሄን ትራክ ከማንኛውም የቺካጎ ሀውስ ጋር ሊያገናኘው ይችላል፤ ኪኮቹ ይገጥማሉ። በሁለቱ መካከል ሲያሻግር ጨፋሪው እግሩ ሳይቋረጥ ከ16 ወደ 12 ይገባል። አንድ ማታ ይሄ ሲሆን አይቻለሁ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን ቀደም ብሎ ብዙ ሰው አላደረገውም ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ማሽኖቹ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ሮላንድ ቲአር-808 የሚባለው የከበሮ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ፊቱ ላይ 16 ቁልፍ ተደርድሮበት ነበር። በሦስት የሚከፍል ማስተካከያም ነበረው፤ ግን 16ቱ ቁልፎች ፊት ለፊት ተቀምጠው «በአራት ቁጠር» ይሉሃል። ወደ 12,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ በ1983 ቆመ። ያኔ ብዙ ፈላጊ አልነበረውም። በርካሽ፣ በሁለተኛ እጅ የገዙት ልጆች ናቸው የዛሬውን የዳንስ ሙዚቃ የሠሩበት። ልማዱም አብሮ ወረደ። ዛሬ አብልተን የሚባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ስትከፍቱ በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት)፣ በ4/4 ተስተካክሎ ይጠብቃችኋል። መስመሩን በሦስት ለማድረግ ኮንትሮልና 3ን መጫን አለባችሁ። ትንሽ ነገር ናት። ግን ባዶ ገጽ ላይ የተሰመረ መስመር እጅ ይመራል። ልጅቷም «ሌላ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ መስመሩን ነው የምቀይረው» ብላኛለች። «ካልቀየርኩት እጄ ራሱ ሀውስ ይሠራል።»

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። ድምፁ የሆነ ቦታ የማውቀው ነገር ነበር፣ ግን ማስታወስ አቃተኝ። ከየት አመጣሽው ስላት ሳቀች።

«ከጋሼ ኦርጋን።»

ጋሼ የእናቷ ወንድም ናቸው። ለዓመታት ሰርግ ላይ ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ያማሃ፣ ፍሎፒ ዲስክ የሚበላው ዓይነት። አሁን አልጋ ሥር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጥቂቶቹ ቁልፎች አይሠሩም፣ ከበሮው ግን ይሠራል። ልጅቷ ያንን ከበሮ በአንድ የተቀደደ ስፒከር አጫውታ፣ ስልኳን ፊት ለፊት አስቀምጣ ቀዳችው። የኢፒው ግማሽ የሚሆነው ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው።

እድሜያችሁ ከ30 በላይ ከሆነ ያንን ኦርጋን ታውቁታላችሁ። ድንኳን ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ ወንበር ጎን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ባንድ ሆኖ የሚቀመጥበት ዘመን ነበር። ግራ እጁ ቤዙን ይይዛል። ቀኝ እጁ ዜማውን ይሄዳል፤ ሲፈልግ ሳክስፎን ያደርገዋል፣ ሲፈልግ ዋሽንት። ከበሮውን ማሽኑ ራሱ ይመታዋል። አጠገቡ አንድ ዘፋኝ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ በጣም ብዙ ማሚቶ። በካሴቱም ዘመን ነገሩ እንዲያው ነበር። በጉርምስናችን የሰማናቸው ስንትና ስንት አልበሞች የተሠሩት በአንድ ኦርጋንና በአንድ ከበሮ ማሽን ነው።

ያ ዘመን ብዙ ተሰድቧል። አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ «ኦርጋን ሙዚቃችንን ገደለው» ይላል። ክፋት የለውም፣ ይገባኛል። የክብር ዘበኛን፣ የፖሊስን፣ የምድር ጦርን ኦርኬስትራ የሰማ ጆሮ፣ ያ ሁሉ ነሐስ ጠፍቶ በአንድ ቁልፍ ሲተካ ያዝናል። የሆነውም በአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሥራ አሳጠረ፣ ብዙ ሙዚቀኛ ሀገር ለቆ ወጣ። ድግስ ደግሞ አይቀርም። አንድ ኦርጋንና አንድ ዘፋኝ መቅጠር ስምንት ሰው ከመቅጠር ይረክሳል።

እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ማየት ጀምሬያለሁ። የአዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ የተወለደው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። አስቡት። ምቱን ማሽን ይመታል። ዙሩ አያቋርጥም። አንድ ሰው ብቻውን ከመሣሪያው ጀርባ ቆሞ ጨፋሪውን ያያል። ሙሽራዋ ስትገባ ያፈጥነዋል፣ አዛውንቶቹ ሲነሡ ዝቅ ያደርገዋል። ሰው ከጋለ ያንኑ ዙር ደጋግሞ ያስኬደዋል፤ ዘፋኙ እስኪደክመው ድረስ። ይሄ የዲጄ ሥራ ካልሆነ የዲጄ ሥራ ምንድነው? ኒውዮርክና ቺካጎ በዚያው ዘመን ይሄንኑ ሲያደርጉ መጽሐፍ ተጻፈላቸው። የኛዎቹ ጋሼዎች ደግሞ «ባንድ መቅጠር ያቃታቸው ድግሰኞች የጠሯቸው» ተብለው ቀሩ።

ደግነቱ አንድ ማስረጃ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቷል። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ከበሮ ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ፤ «ሸሞንሟናዬ»። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና ሲያሳትመው፣ የውጭ ሰው ጉድ አለ። «ከዘመኑ የቀደመ» ተባለ። ሙዚቃው ድንቅ ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን ጋሼ አጠገብ ቁጭ አድርጋችሁ ብታሰሟቸው የሚሉት «አዎ፣ ኦርጋን ነው» ብቻ ይመስለኛል። ለሳቸው ከዘመኑ የቀደመ ነገር የለበትም። ያ ዘመኑ ነበር።

የውጭ ጆሮ የሀገራችንን ሙዚቃ በአንድ በር ነው የገባበት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጡት የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ወደ 30 ይጠጋሉ። ውለታቸው ትልቅ ነው። የማሕሙድ አህመድን፣ የሙላቱ አስታጥቄን፣ የአለማየሁ እሸቴን የድሮ ሥራ ለዓለም አድርሰዋል። ግን ወርቃማ የሚባለው ዘመን የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አብረው ሰመሩት። ኦርጋን ሲገባ ዘመኑ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ከውጭ አድማጭ ጋር ለመግባባት አንድም ያንን የነሐስ ድምፅ፣ አንድም የገጠሩን ክራር መያዝ ግድ የሆነበት ይመስለዋል።

ይሄን ስል መንገድ የጠረጉትን ለመንቀፍ አይደለም። ሚካኤል ሰይፉ ኒው ጀርሲ፣ ራማፖ ኮሌጅ ተምሮ ተመልሶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) «ያራዳ ልጅ»ን 1432 አር በሚባለው የዋሽንግተን ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) አወጣ፤ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን በሌላ ሌብል። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም አለ። ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለውታል። የባህል ድምፅ ይጠቀማሉ፣ ግን ቆርጠው፣ ፈጭተው፣ ሌላ ነገር አድርገው ነው። ፓስፖርት አይደለም። ችግሩ ከነሱ በኋላ የመጣው ኮፒ ነው። በሌላ በኩል ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ይሄ ሙዚቃ በአማርኛ ተዘፍኖ ትልልቅ መድረክ ሊሞላ እንደሚችል አሳየ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሃይገር ባሱ ሕዝብ ነው።

ትራክ 2 ለኔ የኢፒው ምርጥ ነው። አጭር ነው፣ ቤዝ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የምትኖረው አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። መስኮቷ አጠገብ ትራንስፎርመር አለ፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ጎረቤት ያለው ሱቅ ጄኔሬተር ያስነሣል። ሄድፎን አድርጋ እየሠራች ሁለቱም ይረብሿታል። መጨረሻ ላይ ሄድፎኑን ጣለችና ድምፁን ለካችው። የሀገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር የሚያጉረመርመው እጥፉን፣ 100 ሄርዝ ላይ ነው። ሁለቱም ሶል ከሚባለው ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባሉ፤ ወፍራሙ ሶል 49 ሄርዝ ነው፣ ቀጥሎ ያለው 98። ስለዚህ ትራክ 2ን በሶል ሠራችው። አሁን ትራንስፎርመሩ አይረብሻትም፣ አብሯት ይዘፍናል። ጄኔሬተሩ ግን አይታመንም። ሱቁ ፍሪጅ ሲሰካ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ድምፁም ትንሽ ይወርዳል። ትራኩ ውስጥ ቤዙ አልፎ አልፎ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ያንን ከጄኔሬተሩ ቀድታ ነው ያስገባችው። አሜሪካ ቢሆን መብራቱ 60 ሄርዝ ነውና ትራኩ ሌላ ቃና ላይ ይወጣ ነበር። ከአዲስ አበባ ውጪ ሊሠራ አይችልም ያልኩት ቀልድ አልነበረም።

ይሄን ትራክ በስልክ ስፒከር አትስሙት። ምንም አትሰሙም። የስልክ ስፒከር እዚያ ታች ያለውን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ባዶ ነው ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

ትራክ 3 ለዲጄ ራስ ምታት ነው። የዳንስ ሙዚቃ ፍጥነቱ ከጀመረበት አይነቃነቅም፤ ይሄኛው ግን በጣም ቀርፋፋ ሆኖ ይጀምርና እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ መከተል ያቅታል። ከየት እንዳመጣችው ለማወቅ ጥምቀት ጃን ሜዳ መዋል ይበቃል። ማኅበረ ካህናቱ በቁም ዜማ ይጀምራሉ። በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። በጽፋት ይፈጥናል፣ ሕዝቡም ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ አይቆምም። ልጅቷ ያደገችው ይሄን እያየች ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ግን አልቀዳችም። «እሱን መሸታ ቤት ይዤ አልገባም» አለችኝ፣ ፊቷን ቆጠር አድርጋ። የወሰደችው አካሄዱን ብቻ ነው። በዚህ ላይ አልተከራከርኳትም።

ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች አዲስ ሥራ ሲጨርሱ መኪና ውስጥ ያጫውቱታል። በስቱዲዮ ያልታየ ስህተት እዚያ ይታያል ይባላል። ልጅቷ መኪና የላትም። እኔም የለኝም። ትራክ 1ን በፍላሽ ይዘን ከአራት ኪሎ ወደ ለገሃር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ጋቢና ተቀመጥንና ሾፌሩን ለመንነው። ወጣት ነው፣ እሺ አለ። በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ስንወርድ ኪኩ ብቻ ነበር። ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ይሄ ነገር አንድ ቦታ ቆመ እንዴ?» አሉ። ወያላው «እማማ፣ ይመጣል፣ ይመጣል» አላቸው፤ እሱም ሰምቶት አያውቅም። አምባሳደር ጋ ስንደርስ ቆርቆሮው ገባ። ሾፌሩ ትንሽ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ግራ ትከሻው መንቀሳቀስ ጀመረ። «የሰርግ ነው አይደል?» አለን። ልጅቷ እስክንወርድ ድረስ ፈገግታዋን መሰብሰብ አልቻለችም። እንደ ሙዚቃ ሃያሲ ካየነው፣ ስለ ኢፒው እስካሁን የተባለ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ የኔንም ጨምሮ።

ቅድም ቆይቼ እመለስበታለሁ ያልኩት ማታ እዚያው መሐል ከተማ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ስፒከሩ በኪራይ የመጣ ነው። ሰው ብዙ አልነበረም። ዲጄው ጓደኛችን አንድ የታወቀ የሀውስ ትራክ እያጫወተ ትራክ 1ን ከሥሩ አስገባው። ለጥቂት ደቂቃ ሁለቱ አብረው ሄዱ። ከዚያ ሀውሱን ቀስ አድርጎ አወጣው። ሰው አላቆመም፤ ግን ጭፈራው ሌላ ሆነ። እግር ብቻ የነበረው ወደ ላይ ወጣ። አንዲት ልጅ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ወገቧ ላይ አሰረች። ገና እኩለ ሌሊት ሳይሞላ «ቀንሱ» ተባልን። ቀነስን። ቤዝ የሌለው የዳንስ ሙዚቃ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

የቦታ ነገር ይሄን ሙዚቃ የሚወስነው ብዙ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ፣ ቀጥሎም የካዛንቺስ ተራ ሲደርስ፣ ሰው ያወራው ስለ ቤቶቹ ነበር። ልክ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ጠባብ ክፍሎች አስባለሁ። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ የተጨናነቀ ሰው፣ አንድ መሲንቆ ነበሩ። እንግዳ ነገር የሚሞከረው እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ካልመጣም ኪሳራው ትንሽ ነው። አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፊና ብርሃን ያለው ሆኗል፣ ማታ ሄድፎን አድርጌ ስሄድበት ደስ ይለኛል፣ አልክድም። ግን ለሃይገር ባሱ ሕዝብ የሚሆን ምድር ቤት እየጠፋ ነው።

አንደርግራውንድ፣ ከሕግና ከገበያ ውጪ የሚሠራ ሙዚቃ፣ ሲባል ደግሞ አዲስ አበባ ከድሮም ታውቀዋለች። በ1948 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ያንን አዋጅ ጥሶ የራሱን ሌብል አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የታተሙት ህንድ ሀገር ተልከው ነው። ዛሬ እንደ ቅርስ የምንኮራባቸው ሥራዎች ሲወጡ ሕገ ወጥ ነበሩ። ልጅቷ የጣሰችው ሕግ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሷ ችግር ሌላ ነው።

ኢፒው ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በአምስት ዶላር ተቀምጧል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል። ቀሪው የሚላከው በፔይፓል ነው፤ እሷ እዚህ ሆና መቀበል ስለማትችል አካውንቱ ሜሪላንድ ባለች የአክስቷ ልጅ ስም ነው። የአክስት ልጅ ሀገር ቤት ስትመጣ በእጅ ታመጣለች። እስካሁን አልመጣችም። እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ማንም አልገዛውም፤ በቴሌግራም በኤምፒ3 ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እሷ ራሷ ናት መጀመሪያ የለቀቀችው። «አምስት ዶላር በብር ስንት እንደሆነ አስልተኸዋል?» አለችኝ። አስልቼዋለሁ።

ትራክ 4ን አልወደድኩትም። ዘጠኝ ደቂቃ ነው፣ ኪክ የለበትም፣ የኦርጋኑ ማሚቶ ብቻ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። የሚያምሩ ቦታዎች አሉት። ግን አራት ደቂቃ ቢሆን ይበቃው ነበር። ነገርኳት። «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» አለችኝ። «እሱ ለጭፈራ አይደለም፣ ሰው ውሃ የሚጠጣበት ነው።» ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚጠጣ እንጃ።

አሁን የምትሠራው ለሚቀጥለው ነው። ጋሼ ኦርጋኑን ብቻ አይደለም ያስቀመጡት። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ አላቸው። በየሰርጉ ያዘጋጇቸው ምቶች፣ በእስክሪብቶ «ጎጃም ፈጣን»፣ «ጉራጌ 2»፣ «የሙሽራ መግቢያ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። የኦርጋኑ ፍሎፒ ማንበቢያ ግን ከተበላሸ ቆይቷል፣ መርካቶም ሄደን አጣን። ዲስኮቹ ደግሞ በቆዩ ቁጥር የመነበብ ዕድላቸው ይቀንሳል። የሚሠራ የፍሎፒ ማንበቢያ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። በዩኤስቢ የሚሰካ ቢሆን ይመረጣል፣ ባይሆንም እንሞክረዋለን። በውሰትም ይሁን በኪራይ እንወስደዋለን።